የፈረንሳይ ለጋሲዮኑ ድርብ ሰረዝ

በፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት ላይ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠራው ጡሩምባ ነፊው ነበር፤ ቀጥሎ ገመቺስ ኢዶሳ። ጡሩምባ ነፊው ሰውየው መሞቱን ይናገራል፣ ገመቺስ ደግሞ እንዴት እንደኖረ ጽፎ መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሞ ያነባል። ከሁለቱ የሚታመነው ጡሩምባ ነፊው ነበር።

ገመቺስን ውሸታም ማለት ግን አይቻልም። እድሩ የሟች የሕይወት ታሪክ የሚያስነብበው ድንኳን እንደሚተክለው ነው፤ ለማንም ይዘረጋል፣ ሲያልቅ ይጠቀለላል። "ሟች ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ከጎረቤት ጋር ተግባቢ ነበሩ" የሚለውን ገመቺስ ዓይኑን ጨፍኖ ይጽፈዋል። ጎረቤቱን ዕድሜ ልኩን ዘግቶት የኖረ ሰው እንኳ በሞተ ማግስት ተግባቢ ይሆናል። ሚስቱን ሲደበድብ የሰፈር ሰው እየገባ ሲገላግል የኖረውም ለትዳሩ ታማኝ ነበር ይባልለታል። ለቀስተኛው ነጠላውን አዘቅዝቆ ያዳምጣል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ አንዳንዱም የተሳሳተ ቀብር መጥቶ እንደሆነ ሬሳ ሳጥኑን ሰረቅ አድርጎ ያያል።

የገመቺስ የዘወትር ሥራ ሪፖርት ማቀናበር ነው። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ያልተሠራውን "በሂደት ላይ ያለ"፣ ትንሽ የተነካካውን "አበረታች"፣ ጨርሶ የተበላሸውን ደግሞ "ልምድ የተቀሰመበት" እያለ ይጽፋል። ልቡ ግን ደራሲ ነበር። በአጫጭር ልቦለዶቹ ውስጥ ሁልጊዜ ዝናብ ይዘንባል፣ ሁልጊዜ አንዲት መለሎ ልጅ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች፣ ቤቱም ምንጊዜም ፎቅ ነው። እሱ ራሱ ያደገው ከእንጦጦ ሥር፣ መስኮቱ በጆንያ በተወተፈ የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ስለዚያ ቤት አንዲት መስመር ጽፎ አያውቅም።

አገሩ ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረትን ለመቀበል ሽር ጉድ በሚልበት ዓመት በሰፈሩ አዳራሽ የቅዳሜ የሥነ ጽሑፍ ሥልጠና ተከፈተ። አሠልጣኙ መምህር ፍሥሐ የሚባሉ ጡረተኛ የአማርኛ መምህር ነበሩ። አንድም መጽሐፍ አሳትመው አያውቁም፤ የሰው መጽሐፍ ግን ከፊት ገጽ እስከ ጀርባው በቀይ እስክሪብቶ እያረሙ ለደራሲው በፖስታ ቤት ይልካሉ። ከሠልጣኞቹ ሥራ የተመረጠው ተሰብስቦ ለአዲሱ ሺህ ዓመት መታሰቢያ ይታተማል ተባለ። ገመቺስ ዝናቡንም፣ ፎቁንም፣ መለሎዋንም አሰልፎ አቀረበ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መምህር ፍሥሐ ጽሑፉን በሁለት ጣታቸው ይዘው በሰው ፊት ከፍ አደረጉት። ይህ ሰው፣ አሉ፣ ድርብ ሰረዝ የሚባል ነገር መኖሩን አልሰማም። አራት ነጥብ ማንም ይጠቀማል፤ የመንደር ውል ጸሐፊም ይጠቀምበታል። ደራሲን ከጸሐፊ የሚለየው ድርብ ሰረዝ ነው። ከሠልጣኞቹ አብዛኞቹ ድርብ ሰረዝ የት እንደሚገባ አያውቁም ነበር፤ አለማወቁ የታወቀበት ገመቺስ ብቻ በመሆኑ ግን ሁሉም ደስ አላቸው።

ገመቺስ ውርደቱን ዋጥ አድርጎ ትምህርቱን ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ጨው በየቦታው ነሰነሰው። በመሥሪያ ቤቱ የሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ ከየቃሉ ኋላ ድርብ ሰረዝ ቆመ፤ አለቃው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ዝንብ ሄዶበት እንደሆነ ጠየቀው። ቤትም ይዞት ገባ። "ሽሮው ጨው በዝቶበታል" ይልና ዓይኑን ቀና አድርጎ ዝም ይላል። ሰርክ የምትባለው ሚስቱ ቀሪውን ስትጠብቅ ቆይታ "ወይ ጨርሰህ ተናገር፣ ወይ ጨርሰህ ብላ" ትለዋለች።

በመጨረሻ መምህር ፍሥሐ ቤት ድረስ ሄዶ ደጅ ጠና። እሳቸውም ጋቢያቸውን ደርበው በረንዳ ላይ ቁጭ አደረጉትና ምሥጢሩን ገለጡለት።

"ሁለት ሙሉ ሐሳብ ያስፈልግሃል" አሉት። "እያንዳንዱ ለብቻው መቆም የሚችል። ነገር ግን ሁለተኛው ከጎኑ ከሌለ የመጀመሪያው ሊያፍር ይገባዋል።"

ገመቺስ ይህን እያሰላሰለ ዳገቱን ወጣ። ችግሩ ሙሉ ሐሳብ ከየት ይመጣል ነበር። ልቦለዶቹን ቢፈትሽ እንኳን ሁለት አንድም አላገኘም። ዝናብ ዘነበ፣ ልጅቷ አየች፤ ከዚያ ወዲያ የሚያፍርም የሚያሳፍርም የለም። እንዲህ ሲቸገር አቶ ሰቦቃ ሞቱ።

አቶ ሰቦቃ የሰፈሩ ባለጸጋ ነበሩ። ገመቺስ የለመደውን መጻፍ ጀመረ፤ "ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የሚሆን ሰፊ ቦታ በነጻ ሰጥተዋል" አለና እጁ ቆመ። ሙሉ ሐሳብ ነው፣ ለብቻው ይቆማል። ታዲያ ከጎኑ ምን ቢቆም ያፍራል? ይህን ለማግኘት ብዙ መራቀቅ አላስፈለገውም፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ድርብ ሰረዙን አስቀመጠና "ቦታው የወንድማቸው ነበር" ብሎ ጨመረ። አነበበው። በሕይወቱ የጻፈው የመጀመሪያው ትክክለኛ ድርብ ሰረዝ ነበር። ደስታው ልክ አጣ፣ ሌላም ጨመረ፤ "አቶ ሰቦቃ ጠዋት ሳይጸልዩ ከቤት አይወጡም ነበር፤ ተከራዮቻቸውም ማታ ሳይጸልዩ ወደ ቤት አይገቡም ነበር።"

በማግስቱ መቃብሩ ላይ ይህን አነበበው። ድርብ ሰረዙ ዘንድ ሲደርስ ዓይኑን ከወረቀቱ አነሳና ቆም አለ፤ ድርብ ሰረዝ በጆሮ አይታይም፣ እንዲሰማለት ሌላ መላ አላገኘም። "ቦታው የወንድማቸው ነበር" ሲል የመዘምራኑ መሪ አንገቱን ቀበረ። አንድ ሽማግሌ ሳቁን በሳል ሸፈነ። የሟቹ ወንድም ሚስት፣ እሷም ባሏ ከሞተ የቆየ፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። የእሷ ለቅሶ ከሌላው ሰው ለቅሶ የተለየ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሌላ ሰፈር ሆነ። እድሩ ካልቀጣው ቀብር የማይመጣው ሁሉ ቀድሞ ተሰልፎ ይገኛል። የወይዘሮ ዲንቄ ቀብር ላይ ሰው የመቃብሩን አጥር ተሻግሮ ቆመ። "እንግዳ በደስታ ይቀበሉ ነበር" አለ ገመቺስ፣ ቆም አለ፣ ሰውም ትንፋሹን ያዘ። "እንግዳው ከወጣ በኋላ የሚሉትን ግን የሰማ ሁሉ ሁለተኛ አልተመለሰም።" ታመው የተኙ ሰዎች ገመቺስን በአማላጅ ማስጠራት ጀመሩ። አንዱ ከወንድሙ ታረቀ። ሌላው አጥሩን ወደ ቦታው መለሰ። አንድ አዛውንት ደግሞ የፈለገውን ይጻፍ፣ ብቻ የእኔን ሲያነብ ቆም እንዳይል ብለው ላኩበት። ስሙም ተለወጠ፤ ገመቺስ ድርብ ሰረዝ ተባለ። እሱም ሲጠራ እንዳልወደደ ሆኖ ይዞራል።

በዚህ ሁሉ ከማንም በላይ የተደሰተችው ታላቅ እህቱ ጫልቱ ነበረች። ጫልቱ አውቶቡስ መናኸሪያ በር ላይ ቆሎና ቅቅል ድንች ለመንገደኛ ትሸጣለች። ቀብር አለ ከተባለ ሸቀጧን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ ትመጣለች፣ ከሁሉ ኋላ ትቆማለች፣ ወንድሟ ቆም ባለ ቁጥር አፏን በነጠላዋ ትይዛለች። ከሟቾቹ ግማሹን አታውቃቸውም። ወንድሟን ለመስማት ነበር የምትመጣው።

ስለ ጫልቱ መነገር ያለበት እዚህ ላይ ነው፤ ገመቺስ አይናገረውምና። አባታቸው አቶ ኢዶሳ ገበሬ ነበሩ። ከእንጦጦ ሥር የነበረው እርሻቸው ወደ ከተማ ሲጠቃለል የሰው ግቢ ዘበኛ ሆነው ተቀጠሩ፤ በዘበኛ ደመወዝ ሁለት ልጅ ማስተማር አልሆነላቸውም። ወንዱን መረጡ። ጫልቱ ከሁለተኛ ክፍል ወጥታ እንጦጦ ጫካ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል እየለቀመች፣ ከጫካ ጠባቂ እየተደበቀች፣ በጀርባዋ አውርዳ ሸጠች። ገመቺስ በዚያ ደብተር ገዛ፣ በዚያ ጫማ ተጫማ፣ በዚያ ኮሌጅ ገባ። እሷ አሁን ከተቀመጠችበት ስትነሳ ግድግዳ ትይዛለች። እሱ ስለ ራሱ ሲጠየቅ ግን፣ በመሥሪያ ቤትም በሥልጠናውም፣ "በራሴ ጥረት" ይላል። ይህን ሲል ዓይኑን እንኳ አያሽም።

ከወይዘሮ ዲንቄ ቀብር ሲመለሱ ጫልቱ መንገድ ላይ ያዘችው። ስሟ በሰው ፊት ተጠርቶ የሚያውቀው ሁለተኛ ክፍል ሳለች በስም ጥሪ ብቻ ነበር። ያንን አልነገረችውም፤ የጠየቀችው አጭር ነው።

"የአባዬ ቀን ሲደርስ የእኔንም ታነብልኛለህ?"

"የአንቺን ያላነበብኩ የማንን ላነብ ነው፣ እትዬ" አላት። ሲናገር ከልቡ ነበር።

እድሩ ግን ዝም አላለም። ሰብሳቢው አቶ ከበበ ግምገማ የሚወዱ ሰው ናቸው። ካድሬ ሆነው ሲሠሩ የለመዱትን ወደ እድሩ አምጥተውት ሰሐን የሰበረ፣ ድንኳን አጥፎ ያላስገባ ሁሉ ሂስና ግለ ሂስ ያደርግ ነበር። አንድ እሑድ አባላቱን ሰበሰቡና "በሕይወት ታሪክ አጻጻፍ ላይ የታዩ ዝንባሌዎች" የሚል አጀንዳ አቀረቡ። በጠንካራ ጎን የቀብር ተሳትፎ ማደጉ ተጠቀሰ። በደካማ ጎን ደግሞ ሟቾች ራሳቸውን መከላከል በማይችሉበት ሁኔታ እየተገመገሙ መሆናቸው፣ ይህም በቀሪው አባል ዘንድ የመሞት ፍላጎትን እያቀዘቀዘ መምጣቱ ተነሳ። የመሞት ፍላጎት የሚለው እንዲሰረዝ አንድ አባል ጠየቁ፣ ተሰረዘ።

ገመቺስ ግለ ሂስ እንዲያደርግ ዕድል ተሰጠው። ተነሳ፣ ኮቱን ቆለፈ። ሰው ሁለት ግማሽ አለው፣ አለ፤ እስከ ዛሬ እድሩ የቀበረው ግማሽ ግማሽ ሰው ነው። የሌላውን ሁለተኛ ግማሽ ጽፎ የራሱን ቤት የሚደብቅ ቢኖር እሱ ብዕሩን ያስቀምጥ፣ እኔ ግን አላስቀምጥም። ጥሩ ንግግር ነበር፣ ተጨበጨበለት። ከዚያ የአቶ ሰቦቃ ወንድም ሚስት ተነስታ፣ ያንን ነገር ለሽማግሌም ለፍርድ ቤትም ስትናገር መኖሯን፣ የሰማት ሰው ያገኘችው ግን በዚያች ቀብር ቀን ብቻ መሆኑን ተናገረች። አቶ ከበበም መሐከለኛ መንገድ አገኙ፤ ከእንግዲህ የሟች ቤተሰብ ይወስን ተባለ። እንዲህ ሆነና በየሐዘን ቤቱ የሣጥኑ ዓይነት ከተጠየቀ በኋላ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ "በድርብ ሰረዝ ወይስ በአራት ነጥብ?" ሆነ።

ዓመቱ ሳያልቅ አቶ ኢዶሳ ታመው ተኙ። ልጃቸውን አስጠሩ። ነገሩን በኦሮምኛ ጀምረው፣ ሳል ሲያቋርጣቸው በአማርኛ ቀጠሉት።

"እኔን አትፍራኝ፣ ልጄ። እኔ ሄጃለሁ፣ ምን እሆናለሁ" አሉት። "ጫልቱን በድዬያታለሁ። ይቅር በይኝ ልላት ስንት ጊዜ አስቤ አፌ እንቢ አለኝ። አንተ የተማርክ ነህ፤ በአንተ አፍ ይውጣልኝ።"

ገመቺስ እጃቸውን ይዞ እሺ አላቸው። በሳምንቱ አረፉ።

አቶ ከበበ ሐዘን ቤት መጥተው ልማዳቸውን ጠየቁ። ገመቺስ አፉን ከመክፈቱ በፊት ጫልቱ "በድርብ ሰረዝ" አለች። ማንም ተቃውሞ አላቀረበም። ገመቺስ ወደ ጓዳ ገብቶ ጻፈው። "አቶ ኢዶሳ ልጃቸውን ገመቺስን አስተምረው ለወግ ለማዕረግ አበቁ፤ ደብተሩንና ጫማውን ግን ከእንጦጦ በጀርባዋ ተሸክማ ያወረደችው ልጃቸው ጫልቱ ናት፣ እሷን ሳያስተምሩ በመቅረታቸውም ይቅርታ ይጠይቃሉ።" ለሰርክ አነበበላት፣ ሰርክ አለቀሰች። እሱም አለቀሰ፤ ከለቅሶው መሐል ግን መምህር ፍሥሐ ይህችን ድርብ ሰረዝ ሲሰሙ ፊታቸው ምን እንደሚመስል አሰበ። ከጻፈው ሁሉ ይህ የመጀመሪያው ሥነ ጽሑፍ ነበር። አሳምሮም ያውቀዋል።

ጫልቱ ምን እንደጻፈ ልታይ አልቻለችም፣ ማንበብ አትችልምና። ጠየቀችው። ነገ ትሰሚዋለሽ አላት። ከጎረቤት የጸዳ ነጠላ ተዋሰች።

ቀብሩ ላይ ሰው እንደ ጉድ ተሰበሰበ። የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ከነሠራተኞቹ በሰርቪስ መጣ። መምህር ፍሥሐ የሥልጠናውን ሰዎች አስከትለው ከፊት ቆሙ። አለቃው ገመቺስን አቅፎ ካጽናናው በኋላ ወደ ጎን ዞር ብሎ ለመምህሩ ይህ ልጅ በሚቀጥለው ወር የክፍል ኃላፊ ሊሆን መታሰቡን፣ ከምንም ተነስቶ ማንም ሳይረዳው እዚህ የደረሰ ሰው መሆኑን ሲነግራቸው ገመቺስ ሰማ። ጫልቱ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከለቀስተኛው ኋላ ሳይሆን ከፊት ቆማለች፤ ከአለቃው ጎን ማለት ነው።

ገመቺስ ማንበብ ጀመረ። ትውልዳቸውን፣ እርሻቸውን፣ ዘበኝነታቸውን አነበበ። "አቶ ኢዶሳ ልጃቸውን ገመቺስን አስተምረው ለወግ ለማዕረግ አበቁ" አለ። ዓይኑን ከወረቀቱ አነሳ። ቆም አለ።

ሰዉ ለምዷል፤ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። ገመቺስ ያየው ግን የአለቃውን የተወለወለ ጫማና፣ ከእሱ አጠገብ የተሰነጠቀውን የእህቱን ተረከዝ ነበር። እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ማንበብ ነበረበት። የአቶ ሰቦቃን አንብቧል፣ የወይዘሮ ዲንቄን አንብቧል፣ እነሱ አጠገቡ ቆመው አይሰሙም ነበር። አባቱም ቢሆኑ ፈቅደዋል፣ የሚያፍሩበትም ጊዜ አልፏል። በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚያፍር አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ወረቀቱን ይዞ የቆመው ነው።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አበቁ" የሚለውን ደገመና ዘጋው። አራት ነጥብ። ቀጥሎ ያረፉበትን ቀን አነበበ፣ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን እንዲያሳርፍ ለመነ፣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። አፈር መውረድ ጀመረ።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ሰው እየመጣ ጨበጠው። አቶ ከበበ ዛሬ ያቀረብከው ገንቢ ነው አሉት። አለቃው ትከሻውን መታ መታ አደረገው። መምህር ፍሥሐ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው፣ ቁጥብነቱ እንደማረካቸው፣ ደራሲ ማለት የሚተወውን የሚያውቅ ሰው መሆኑን፣ ለሚታተመው መጽሐፍ አንድ ሥራ እንዲያዘጋጅ ነገሩት። ይህንን ቃል ሲመኝ ነበር የከረመው። አሁን ሲያገኘው የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

እህቱን ፈልጎ ከድንኳኑ ጀርባ አገኛት። በርሜሉ አጠገብ ጎንበስ ብላ ማስታጠቢያ ውስጥ ውኃ ትቀዳለች። ፀሐዩ እንደበረታበት፣ ትንፋሽ እንዳጠረው፣ ያልተነበበው ወረቀቱ ላይ እንዳለ ሊያስረዳት ጀመረ። ወረቀቱንም ሊያሳያት ከኪሱ አወጣው፤ ለማታነብ ሰው። ጫልቱ የቤቱን ግድግዳ ይዛ ቀና አለች። አልተቆጣችም፣ ብትቆጣው ይሻለው ነበር ግን አልተቆጣችም።

"ቆም ስትል የእኔ መጣ ብዬ ነጠላዬን አስተካከልኩ" አለችው።

ከዚያ ማስታጠቢያውን አንስታ የእንግዶቹን እጅ ልታስታጥብ ወደ ድንኳኑ ገባች።